የግቢው ፋይል

መምህሩ ስልኩን መጻሕፍት ላይ አስደግፎ ከእናቱ ጋር በቪዲዮ እያወራ ሳለ፣ ኮምፒዩተሩን ሲነካካ የቆየው ቴክኒሻን ቀና አለ። «አለቀ ዶክተር! ከዛሬ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስቀመጡትን ፋይል የትም ሆነው ይከፍቱታል። እናትዎ ቤት ሆነውም! ‹ፋይሌ ግቢ ቀረ› የሚባል ሰበብ አበቃለት!» መምህሩ አፈጠጠበት፤ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። እናቱ «ና» ባለችው ቁጥር የሚመዘው ሰበብ ያው ነበር፦ ሥራዬ ሁሉ ግቢ ነው፣ ጥዬው አልመጣም። ስብሰባ ላይ ማንንም በነገር ጠምዝዞ የሚጥለው ሰው አሁን ሌላ ሰበብ ፍለጋ ዓይኑን ጣሪያው ላይ አንከራተተ።

«ሰማሁ እኮ!» አለች እናቱ ፊቷ በርቶ። «እንግዲህ ላፕቶፕህን ይዞ መምጣት ነዋ! ያቺን የመስኮቱን ጠረጴዛ አጸዳልህና...» የልጇን ፊት ስታይ ቃሏ መሃል ላይ ቆመ። መነጽሯን አወለቀችና በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገው ጀመር፤ የጠራውን መልሳ መላልሳ ጠረገችው።

«ግን እኮ» አለች መነጽሯን እያጠለቀች፣ «እዚህ ኔትወርኩ አያስተማምንም የኔ ልጅ። መጥተህ ሥራህ ቢስተጓጎልብህስ? ይቅርብህ፣ አትንገላታ።»

ምስሏ አንዴም አልተቆራረጠም። ዓይኗ ጥግ ላይ የቀረው እርጥበት እንኳ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። «የለም፣ እመጣለሁ» ሊላት ፈለገ፤ ምላሱ ግን ወደ ለመደበት ሄደ።

«እውነትሽን ነው እማዬ» አላት። «ኔትወርኩ ሲስተካከል እመጣለሁ።»