ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ያህል

የታሪክ መጽሐፉ ዛሬ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ አዘጋጁ ግን መቀመጥ አቅቶት ቢሮው ውስጥ ይንጎራደዳል። አገር የሚያውቀውን የአብዮቱን ዘመን የሰልፍ ፎቶ ያነሳው ሰው ለደብዳቤውም ለስልኩም መልስ አልሰጠውም። ጠበቃው፣ «ያለ ፈቃድ ሙሉውን አትንካ፤ ለታሪክህ የሚያስፈልግህን ያህል ብቻ ውሰድ» ብሎት ነበር። እሱም ባንዲራ የያዘችውን ልጅ ብቻ አስቀርቶ ዳር ዳሩን ቆረጠው።

በሩ ተንኳኳና አንዲት አሮጊት ገቡ። «የሰልፉን ፎቶ ልታወጡ ነው አሉኝ» አሉት።

ከባለፎቶው የተላኩ መስሎት ደነገጠ። «በሕጉ መሠረት ነው እማማ፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ቆርጠን ጥለናል» አለና ገጹን ዘረጋላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ፈለጉ። ከዚያ ጣታቸውን ከፎቶው ጠርዝ አሳልፈው ነጩ ወረቀት ላይ አሳረፉ።

«ልጄ እዚህ ጋ ነበር የቆመው» አሉ። «ሌላ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም።»