በግድቡ ላይ የቆመው አካፋ

በዜላንድ ባሕር ዳርቻ ባለችው በኦስተርሆል መንደር፣ በዚያ ዘመን፣ ማንም ሰው አካፋውን መሬት ላይ አቁሞ አይሄድም ነበር። ላቡን ሊጠርግ እንኳ ቢፈልግ ሣሩ ላይ ያስተኛዋል።

መንደሯ ከባሕሩ ዝቅ ብላ ስለተቀመጠች እያንዳንዱ ባለመሬት ባሕሩን ከሚያግደው የአፈር ግድብ አንድ ድርሻ ይጠብቃል። መጠበቅ ያቃተው አካፋውን በድርሻው ላይ ይተክልና መሬቱንም ቤቱንም ለቆ ይወጣል። በግድቡ ሹም ፊት ቀድሞ የነቀለው የመንደር ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ መሬቱን ከነግዴታው ይወስዳል። ለአዲሱ ባለመሬት ደግሞ መንደሩ ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት ጭቃ ያመላልስለታል። ሕጉ ጨካኝ ነበር። ጨካኝ ማለት እንኳ ልክ አይሆንም፤ ጨካኙ ባሕሩ ነው።

ማይኬ ባሏን ዮሪስን ባሕር ከወሰደባት ዓመት ሊሞላ ነው። አስከሬኑ ስላልተገኘ፣ የግድቡ ሹም ባልተስ ለቁጥጥር በመጣ ቁጥር ዛሬም «የዮሪስ ድርሻ!» ብሎ ይጣራል። አቤት የምትለው እሷ ናት። የዮሪስ የእንጨት ጫማዎችም ከደጃፉ አልተነሡም።

ባለፈው ማዕበል ድርሻው ተሰንጥቆ ነበር። ብቻዋን ጭቃ ብትቆልልም ስንጥቁ እየሰፋ ሄደ።

ባለጸጋው ጎረቤቷ ሁበርት በየማለዳው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድቡ ላይ ይንጎራደዳል።

«ማይኬ፣ ሙት ጭቃ አይሸከምም እኮ!»

«እኔ እሸከማለሁ።»

«በዚያች ከአባትሽ ቤት ባመጣሻት ማንኪያ?»

«የአባቴን አካፋ ተወው።»

«እሺ ተውኩት። የጓሮሽን የፖም ዛፎች ብቻ አደራ፣ እንዳትቆርጫቸው። እኔ መሬቱን ስይዘው መንደሩ ሁሉ ይሸከምልኛል፤ ስንጥቁ በሳምንት ይደፈናል።»

ማይኬ አፈሩን መምታቷን ቀጠለች።

የቁጥጥሩ ቀን ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ዞረ። ባሕሩ አመድ መስሎ ወደ ግድቡ ይገፋል። መንደርተኛው ሹሙን ተከትሎ ወጣ። ባልተስ እጁን ስንጥቁ ውስጥ እስከ ክርኑ አስገባና እንደራሰ አወጣው።

«ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፣ ልጄ» አለ በዝግታ።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ነፋሱን ታዪዋለሽ። ዛሬ መወሰን አለበት።»

ማይኬ ወደ ቤቷ ወረደች። ከበሩ ጀርባ ሁለት አካፋዎች ቆመዋል፤ በየእጀታቸው ላይ እንደ መንደሩ ልማድ የባለቤታቸው ምልክት በጋለ ብረት ተተኩሶባቸዋል። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። በመጨረሻ ሁለቱንም ተሸክማ ወጣች።

«ተመልከቱ!» አለ ሁበርት። «ቤቱን ጠራርጋ ልታስረክበኝ ነው!»

አንዳንዶች ሳቁ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ግን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ማይኬ ትልቁን አካፋ ስንጥቁ አጠገብ አቆመችና በተረከዟ ረግጣ ተከለችው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ባልተስ ጎንበስ ብሎ እጀታውን አየ።

«መልሕቅ። የዮሪስ ምልክት ነው» አለ። ባርኔጣውንም አወለቀ። «ዮሪስ ከመሬቱ ወጥቷል። ከመንደሩ ሰው የሚነቅል ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ሁበርት ዞረ። ከሁበርት ጋር ሊሽቀዳደም የሚደፍር አልነበረም፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ አልቸኮለም። የቀኝ እጁን ጓንት አወለቀ። የግራውን ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለች ማይኬ፤ የሽመላ ምልክት ያለባትን የአባቷን አካፋ ከትከሻዋ ሳታወርድ የባሏን ነቀለች።