ጣሪያውን ያልበሳው ቧንቧ

ከኮርኒሱ በላይ፣ አቧራ በለበሱት ወራጆች መካከል፣ በጉልበቴ እየዳኽሁ ነው። በእጄ ባትሪ፣ በኪሴም ለሲግኔ አዲስ ሻወር ያዘጋጀሁት ንድፍ አለ። ፍሳሹ የሚወርድበት መስመር ተሠምሯል፤ የቀረኝ አየር የሚያስገባው ቧንቧ ከአሮጌው ጋር የሚጋጠምበትን ስፍራ ማየት ነው።

«ሐልቮር፣ አለህ?» ትላለች ከመሰላሉ ሥር። «ሰባ አራት ዓመትህ ነው። ብትወድቅ የምትሰብረው የኔን ወለል ነው።»

«አንቺ መሰላሉን ያዢ።»

«ይዣለሁ። ጉልበቴ ገንዳውን መሻገር ቢችል አንተን ማን ይጠራህ ነበር?»

የባትሪው ብርሃን በአሮጌው ቧንቧ ላይ ያርፋል። ከግድግዳው ወጥቶ ሽቅብ ያመራና፣ ጣሪያው ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ያበቃል። አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁን አውቀዋለሁ፤ የሥራ ሸሚዜ እጅጌ ነው።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በጥር፣ ባሏ ኤልመር ታሞ ደረጃ መውጣት ሲሳነው፣ ከቤቱ ጎን ቀጥዬ ይህን የምድር ቤት መታጠቢያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣሪያው ላይ ክንድ ሙሉ በረዶ ተከምሮ ነበርና ልበሳው አልወደድሁም። የቧንቧውን አፍ ለጊዜው ወትፌ፣ በረዶው ሲቀልጥ ተመልሼ ከጣሪያው በላይ ላወጣው ለራሴ ቃል ገባሁ። በእኛ አገር በብርድ የተጀመረ ሥራ ሁሉ በዚህ ቃል ያድራል። በረዶው ቀለጠ፤ የዘር ወራት መጣ፤ እኔም ረሳሁት።

አየር ያላገኘ ፍሳሽ፣ ከገንዳው ሥር ሽታ እንዲያግድ የተቋጠረውን ውሃ መጥጦ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የቆሻሻው ጉድጓድ ወደ ቤት ይተነፍሳል። ይህን ጀማሪም ያውቃል።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ስትወርድ ደግሞ ለዚህ ሽታ መላ ፈልግልኝ። ኤልመር ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤ ፍራሹን አቃጠልሁ፣ የወለሉን ቀለም ፍቄ አነሣሁ፣ አልለቅ አለ።»

«የምን ሽታ?» እላለሁ። ድምፄ ለራሴም ይቀፈኛል።

«የሽንቱ ነዋ። ሽታውን አፍሬ አይደል የሴቶቹን ጸሎት እዚህ ማስተናገድ የተውሁት? ሸሚዝ በቀን ሁለቴ አስለውጠው ነበር። ‹ታጥቤያለሁ እኮ› ይለኛል። ‹እንደገና ታጠብ› እለዋለሁ። ኋላ ራሱ አፍሮ ጋራዡ ውስጥ ይተኛ ጀመር።»

በየሳምንቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቴ የተነሣ፣ በዚያ ጋራዥ እጠይቀው ነበር። ጸልየንም አብረን እንቀመጥ ነበር። ጋራዡ አንድም ቀን አልሸተተኝም፤ ለምን እንዳልሸተተኝም ራሴን አልጠየቅሁም።

አሁን ቧንቧውን በዝምታ ከጣሪያው በላይ ባወጣው፣ ሽታው በሳምንት ይጠፋል። ሲግኔም በጉባኤው መካከል ታመሰግነኛለች። ይህን አስቤ፣ በማሰቤ አፍራለሁ።

እጅጌውን ነቅዬ እወርዳለሁ።

«ሲግኔ፣ ሽታው የኤልመር አልነበረም።»

«አንተ ደግሞ። አፍንጫ የለኝም?»

«የኔ ሥራ ነው። ቧንቧውን በዚህ ወትፌው ሄድሁ፤ ሳልመለስ ቀረሁ። ሲሸታችሁ የኖረው የፍሳሹ ጉድጓድ ነው።»

ጨርቁን ታያለች። ከዚያ እኔን።

«ታጥቦ ነበር ማለት ነው?»

«ታጥቦ ነበር።»

የገንዳውን ጠርዝ ይዛ፣ እምቢ የሚሉ ጉልበቶቿን ቀስ በቀስ አጥፋ ትንበረከካለች። ልደግፋት እጄን እዘረጋለሁ፤ አትይዘውም። በፍሳሹ ቀዳዳ ላይ ታጎነብስና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ሽታውን በረዥሙ ወደ ውስጥ ትስበዋለች።