ገለጻ ተደርጎላቸዋል

«…ከምርት ግንባሩ ተጨባጭ ሁኔታ በመነሳት፣ የክፍሉ ወጣት ላብ አደሮች ባሳዩት ከፍተኛ ተነሳሽነትና በሙሉ ፈቃደኝነት፣ የተጠናከረ የሰው ኃይል ስምሪት እንዲካሄድ ተወስኗል» ብሎ ያነባል ጋሼ አገኘሁ። ልጆቹ ያጨበጭባሉ።

አሥራ ሰባት ናቸው። ቀኑን ሙሉ የተቀደደ ጆንያ ይጠግናሉ። የጆንያ መርፌያቸውን እንደያዙ የሚያጨበጭቡም አሉ። ወረቀት ሲነበብ መጨረሻው ጭብጨባ እንደሆነ ያውቃሉ፤ የአንባቢው ድምፅ ከፍ ሲል መጨረሻው መድረሱን ይረዳሉ። ከእጃቸው የሚነሳው ብናኝ በቆርቆሮው ሽንቁር በገባው ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል።

ወረቀቱን ያመጣው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ጓድ ሀብተ ወልድ፣ በር ላይ ቆሞ አብሯቸው ያጨበጭባል። ከዚያ ሰዓቱን ያያል።

«ጓድ አገኘሁ፣ ጎረቤት መጋዘን ይህንኑ አስነብቤ እመለሳለሁ። እስከዚያ አስፈርማቸው።»

«እሺ።»

«ከታች አንተም ትፈርማለህ። ‹ገለጻ ተደርጎላቸዋል› የሚለው ላይ።»

«አውቃለሁ።»

ያውቃል። የዚህ የጎጃም በረንዳ መጋዘን ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ስንት ወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ እንደፈረመ መቁጠር ትቷል።

ለመፈረም ቀድማ የምትነሳው ራህማ ናት። ከወሎ ከእናቷ ጋር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት መሠረተ ትምህርት እስክትጨርስ ድረስ ደመወዟን የምትቀበለው በአውራ ጣቷ ነበር። አሁን ፊርማ ያለበት ነገር ሲመጣ የሚቀድማት የለም።

«ኧረ ቀስ! ወረቀቱ አይሸሽሽም» ትላለች ጓደኛዋ ሙሚና ከጆንያ ክምሩ ላይ። «ይቺ ልጅ ስሟን ለመጻፍ ብላ ራሷን ትሸጣለች።»

ይስቃሉ። ራህማም እየሳቀች ጣቷን በቀሚሷ ትጠርግና እስክሪብቶውን ትይዛለች።

«የቱ ጋ ነው ጋሼ?»

መስመሩን ያሳያታል። ልትጽፍ ጎንበስ ትልና ቀና ትላለች።

«ስምሪት ግን ምንድን ነው?»

አምና እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ካሳም እንዲሁ ጠይቆት ነበር። ካሳ ሁለት ጆንያ ባንዴ የሚሸከም፣ ሲስቅ መጋዘኑን የሚሞላ ልጅ ነበር። «ምን ማለት ነው ጋሼ?» አለው። አገኘሁም መለሰለት፤ ወረቀቱን እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበለት። ካሳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ፈረመ። እናቱ ወለተ ማርያም ልጇን ፍለጋ እዚህ በር ላይ በመጣች ጊዜም አገኘሁ ያደረገው ይህንኑ ነው። ወረቀት አነበበላት።

«ስምሪት ማለት…» ይላል። «የሰው ኃይልን ከ…»

ያቆማል። እነዚያን ቃላት ዛሬ ደግሞ አንስቶ ለመሸከም አቅም እንደሌለው ይሰማዋል። አጠገቡ ያለው ጆንያ ላይ ይቀመጣል።

«ቆላ ትሄዳላችሁ» ይላል። «መንግሥት እርሻ፣ ጥጥ ለቀማ።»

መርፌዎቹ ይቆማሉ።

«መቼ?» ትላለች ሙሚና።

«ሰኞ ጧት መኪና ይመጣል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«አልተጻፈም። አምና ከሄዱት እስካሁን የተመለሰ የለም።»

«እናቴ እኮ አልጋ ላይ ናት ጋሼ» ትላለች ራህማ። «ውሃ የምሰጣት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። አገሩም ወባ አለበት። ካሳ የሞተው እዚያ ነው።»

«ካሳ ሞቷል?»

«ሞቷል።»

ሙሚና ከክምሩ ላይ ትወርዳለች። «ቆይ፣ ያኔ ስለ ካሳ ያነበቡልን ጊዜ… ‹የማይተካ አስተዋጽኦ አበርክቷል› ያሉን ጊዜ…»

«አዎ።»

«አጨበጨብን እኮ።»

«አጨበጨባችሁ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

ውጭ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ። ራህማ እስክሪብቶውን እንደያዘች ነው።

«ባልፈርምስ?»

«በፈቃዳቸው ነው የሚሄዱት ይላል ወረቀቱ። ያልፈለገ አይፈርም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹ለምን አልፈረሙም› ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እናንተንም ይጠይቋችኋል። ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም ልጄ። አልዋሽሽም።»

ራህማ ባዶውን መስመር ለረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ እስክሪብቶውን፣ የተዋሰችውን ዕቃ እንደምትመልስ ሰው፣ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ወደ ቦታዋ ትመለስና ጆንያዋን ጭኗ ላይ ትስባለች። ማንም ከኋላዋ አይነሳም።

ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ የሚያነብ ሰው ድምፅ ይሰማል። ቃላቱ አይለዩም። ድምፁ ከፍ፣ ከዚያም ይበልጥ ከፍ ይላል። ወዲያው ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደወረደ በረዶ ይነሳል። የሙሚና እጆች ሳታስበው ከጭኗ ብድግ ይላሉ፤ ታያቸውና ብብቷ ሥር ትሸጉጣቸዋለች።

አገኘሁ እስክሪብቶውን ያነሳል። ከአሥራ ሰባቱ ባዶ መስመሮች በታች፣ «ገለጻ ተደርጎላቸዋል» ከሚለው ጎን፣ ስሙን ከነአባቱ እንዲነበብ አድርጎ ይጽፋል። የጎረቤቱ ጭብጨባ ሲያበቃ ቀለሙ ገና አልደረቀም።