ከኤልዳና ግድግዳ የወረደው

ሙሉዓለም ያን ከእንጨት የተቀረጸ አሻንጉሊት ገና ቤቷ ሲገባ አልወደደችውም። ለልጇ ለኤልዳና የሰጧት የክፍል ጓደኛዋ ሴት አያት፣ ማኪኒ ከተማ የሚኖሩ፣ ሆፒ ከተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተወለዱ ናቸው።

«እማዬ፣ ቶይ አይደለም እኮ፤ ካቺና ነው» አለቻት ኤልዳና። «ማለቴ፣ ዝናብ የሚያመጡትን መናፍስት እንድናውቃቸው ነው ለእኛ ለሴት ልጆች የሚሰጡን።»

ሙሉዓለም አማተበች። «መናፍስት? እኛ ቤት ሥላሴ ይበቁናል!»

ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጠብቃ፣ አሻንጉሊቱን ከግድግዳው አውርዳ ለሴትዮዋ ልትመልስ ተነሣች። መኪናዋ ውስጥ ጎኗ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ፊቱን ማየት ስላስጠላት ፎጣ ጣል አደረገችበት።

ከሚኖሩበት ከሜስኪት ከተማ ሳትወጣ መስታወቱ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሣሩ ሁሉ በድርቅ አሮ ስለነበር «ተመስገን» ብላ መጥረጊያውን አበራች። ዝናቡ በረታ። ጎን ለጎን የሚሄዱት መኪኖች ግን መጥረጊያቸው አይንቀሳቀስም፤ አቧራቸውም እንዳለ ነው። ፍጥነት ጨመረች፤ መስመር ቀየረች፤ ዝናቡ አልለቀቃትም። ከሀይዌዩ ወጣችና አንድ ሱቅ ደጅ ፓርክ አደረገች።

ሮጣ ወረደች። አስፋልቱ ደረቅ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝናቡ የሚደበድበው የእሷን መኪና ብቻ ነበር።

ቆማ አየችው። ከዚያ በሩን ከፍታ አሻንጉሊቱን ከነፎጣው አነሣችና ከመኪናው ራቅ አለች።

የመኪናው ጣሪያ ጸጥ አለ።

ወዲያው ፀጉሯ መራስ ጀመረ።