አንዲት ቁልፍ

የመንግሥት እርሻው የነቀምቴ ቢሮ የመገናኛ ራዲዮ እጀታው ላይ አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበረችው። ሲጫኗት ታስናግራለች፣ ሲለቋት ታሰማለች። ይህን የሚናገር ፊደልም ምልክትም የለባትም። የሠራት ሰው ዕድሜ ልኩን ከጎረቤት ጋር ወግ ይዞ የማያውቅ መሆን አለበት። እየተናገረ ጆሮውን የሚደፍን ማን አለ?

ካድሬው መሸሻ ግን በዚች ቁልፍ ይኮራ ነበር። እስኪለምዳት ክረምቱ ሙሉ አልቆበታል፤ ያንን ለማንም አልተናገረም።

ያን ዕለት ማለዳ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። ከሱ ቀበሌ ከሚፈለጉት ወጣቶች አንድ ጎደለ፤ የአሮጊቷ የአዴ ድርቤ የመጨረሻ ልጅ ዋጋሪ። የጎደለው ካልሞላ መሸሻ ራሱ ግንባር እንደሚሄድ አውራጃው በግልጽ ነግሮታል። ስለዚህ አሮጊቷን ካለችበት አምጧት አለ።

ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ገና ደጃፉን ሳታልፍ ጥሬ ቆዳ ጥሬ ቆዳ ሸተተችው። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫው ላይ ደፈነ። ባላገር መቼ ይታጠባል፣ አለ በሆዱ። እሷ መሐረቡን አየችና ጉንፋን ይዞት እንደሆነ ጠየቀችው።

ዋጋሪ የት ገባ ቢላት፣ አንገር ጉቲን አጎቱ ጆቴ ዘንድ ከወረደ ሰንብቷል አለች። ካድሬ ጠራህ ካሉት ጫካ ይገባል፤ የናቱን ድምፅ ከሰማ ግን ሮጦ ይመጣል።

መሸሻ ደስ አለው። እናት ልጇን በገዛ አፏ ጠርታ ልታስረክብ፣ ያውም ጉቲን እርሻ ድረስ በሚሰማው በሱ ራዲዮ። እንዲህ ያለ ጅልነት ከየት ይገኛል?

ራዲዮውን የሚይዘው ጉሉማ፣ ለአኖ ኬላ የወጣውን ትእዛዝ በቅድሚያ ላስተላልፍ አለ። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ይፈተሽ የሚል ነበር። መሸሻ ተቆጣው። ጉቲን ያለ ልጅ በአኖ ምን ሊያደርግ ያልፋል? እሷ ትቅደም።

ጉሉማ እጀታውን ሰጣት። «ሲናገሩ ይጫኑ፣ ሲጨርሱ ይልቀቁ። አደራ፣ ይዘው እንዳይቆዩ፣ አዴ። እርስዎ ሲጫኑ ጉቲንም ሲሬም አኖም ዲዳ ነው። ባትሪውንም ይበላዋል።»

«አገሩ ሁሉ ዝም ብሎ ይስማኝ ነው የምትለኝ?»

«እንዲያ ነው።»

«ይህንንስ ባሌም አላደረገልኝ።»

በመጀመሪያ እንደ ጋለ ብረት በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ተወችው። ቀጥላ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ከዚያ እንደ ላም ጡት ታልበው ጀመር፤ ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ጉቲን ደረሰ። ከወዲያ አንድ ሰው «ማን ልበል?» ሲላት ደነገጠችና ቁልፉን ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። አካም ጅርታ ብላ ጆቴን ጠየቀች፣ ሚስቱን ጠየቀች፣ ልጆቹን በየስማቸው ጠየቀች። ወባው ለቀቀህ ወይ፣ ያ ቀንዱ የተሰበረው በሬ ዳነ ወይ፣ ማሽላውን ጦጣ ጨረሰው ወይ። ጠይቃ ጠይቃ፣ መልሱን ቁልፉን እንደያዘች ጠበቀች።

«ዝም አሉኝ» አለች ወደ ጉሉማ ዞራ። «አልሰሙኝም መሰል።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰላምታውን ከጆቴ እንደገና ጀመረች።

«ልቀቂው!» አለ መሸሻ።

«ሰላምታ ሳላደርስ? አንተን ያሳደገህ ሰው የለም?»

እጀታውን ሊቀማት ተነሣና የቆዳው ሽታ መለሰው። መሐረቡን አጥብቆ መስኮቱ ዘንድ ቆመ። ጉሉማ ጣቷን በልምምጥ ሊፈታ ቢሞክር፣ ቁርጥማት አለብኝ እንዳትሰብረኝ አለችው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። የራዲዮው ቀይ መብራት ደከመ፣ ደከመና ጠፋ።

ጉሉማ ከትራክተር ላይ ባትሪ ሊፈታ ሄደ። ትራክተሩ ቆሞ መካኒኩ ጠላ ቤት ነበር። መሸሻ ለብቻው ይበሳጫል፤ እንዲህ ካለ ሕዝብ ጋር ሶሻሊዝም ቀርቶ ቀብርም አይወጣም እያለ። አዴ ድርቤ አግዳሚው ላይ ተደላድላ ዕቃውን በንቀት ታየዋለች።

«ደህና ዕቃ ቢሆን ሥራውን በመልኩ ይነግረኝ ነበር» አለች። «ማንኪያ አስተማሪ ይፈልጋል?»

«ያልተማረ ሰው ጥፋቱን ዕቃ ላይ ያላክካል» አላት መሸሻ።

እሷ አንገቷን ዘለግ አድርጋ በመስኮቱ ፀሐይዋን አየች። አናት ላይ ልትደርስ ነበር።

ባትሪው መጥቶ ተገጠመ። ጉሉማ አሁንስ የአኖን ትእዛዝ ልላከው ቢል፣ መሸሻ እጀታውን ነጠቀው። ይህች ባላገር ራዲዮ እንዴት እንደሚያዝ ትማር ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ አኖን ጠራ። መኪና ሁሉ ይፈተሽ አለ። ከማለዳ ጀምሮ ያለፈ ካለም አሳውቁኝ አለ። ከዚያም መልሱን በኩራት መጠበቅ ጀመረ። ጠበቀ፤ ምንም የለም። ንቀውኝ ነው ብሎ ፊቱ ጠቆረ።

አዴ ድርቤ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ልቀቀው፣ ልጄ» አለችው በቀስታ። «ጣትህን ካላነሣህ አይሰማህም።»

መሸሻ ጣቱን አነሣ፤ የአኖም ድምፅ ወዲያው ገባ፦ «ትእዛዙ አሁን ገና ነው የደረሰን፣ ጓድ፤ ያለፈው መኪና አንድ ብቻ ነው፣ የነጋዴው የወልደዮሐንስ፣ ጥሬ ቆዳ እስከ አፉ ጭኖ፣ ሽታው አላስጠጋ ብሎን ሳንነካው አሳለፍነው።»