ሰባት፣ ስምንት፣ አሥራ ሦስት

ልጅቷ አባቷ በሠራላት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ላጲሱን ለሦስተኛ ጊዜ አነሳች። የሦስት ማዕዘኑ ጎኖች ሰባት፣ ስምንትና አሥራ ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ማዕዘን ስንት ዲግሪ ነው? በሠራችው ቁጥር መቶ ሃያ ይመጣል፤ የመለማመጃ መጽሐፉ ግን መቶ አሥር ብሎ ድርቅ ብሏል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ደግሞ ነገ ነበር። "አባዬ፣ በቃ ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም፤ ነገ ባልሄድስ?"

አናጢው አባቷ ከቁርጥራጭ ጣውላ ሰባት፣ ስምንትና አሥራ ሦስት ሳንቲሜትር ቆረጠ፤ ጫፍ ለጫፍ ገጠማቸውና ማዕዘን መለኪያዋን አስጠጋ። "መቶ ሃያ። እንጨት እንደ ሰው አይዋሽም፣ ልጄ። ይሄ ደራሲ አናጢ ቢሆን ኖሮ የሰው በር ወደ ጎረቤት ቤት ይከፈት ነበር። እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ አንዲት ሚሊሜትር ስቼ አላውቅም።"

ልጅቷ ላጲሱን አስቀምጣ መልሷን በእስክሪብቶ ልታደምቀው ክርኗን ስታስደግፍ፣ ጠረጴዛው እንደ ልማዱ ወደ ግራ ዘመም አለ። አባትና ልጅ አንዱ እግር ከሌሎቹ አጠር ማለቱን አዩ። ከዚያ ጎንበስ አለችና መጽሐፉን ከአጭሩ እግር ሥር ሰካችው፤ ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

"ቢሆንም፣" አለ አባቷ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ደራሲው የመጽሐፉን ውፍረት ልክ አልሳተም።"